ጠቢብና ጠይብ፤ ስለ ልጆች አእምሮና ስለ እጅ ጥበብ



በአማርኛ ቋንቋችን «ፈጠረ» የሚለው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ነው። ሰማይንና ምድርን የሠራ እርሱ ስለ ሆነ «ፈጣሪ» ስንል ሌላ ማንንም አናስብም። ይኸው ቃል ወደ ሰው በወረደ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ሐሰትን ያመለክታል፤ «የፈጠራ ወሬ ነው»፣ «ከልቡ ፈጥሮ ተናገረ» እንላለን። ስለዚህም አንድ ሽማግሌ ከዚህ በፊት ያልታየ ነገር ሠርቶ «ይህን ማን ፈጠረው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «እኔ ፈጠርሁት» ብሎ ለመመለስ አንደበቱ አይታዘዝለትም። «ከአባቶቼ ያየሁት ነው» ይላል፤ ወይም «እርሱ ገለጠልኝ» ይላል። ይህ የትሕትና አነጋገር ብቻ ነውን? ወይስ ሰው ራሱን የሚያስብበት መንገድ እስከ አንጎሉ ድረስ ዘልቆ በሥራው ላይ ኀይል አለው? ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቤተሰብ ገጽ ላይ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን መልሱ የልጆቻችንን ዕድል የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ዛሬ ከእናንተ ጋር ልንነጋገርበት ወደድን።

ሄዘል ማርከስና ሺኖቡ ኪታያማ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ሰው ራሱን የሚያይበት መንገድ ከአገር አገር እንደሚለይ አስረድተዋል። በአንዳንዱ አገር ሰው ራሱን በሜዳ ላይ ብቻውን እንደ ቆመ ዛፍ ይቈጥራል፤ ሐሳቡም ጠባዩም ከውስጡ የሚመነጭ የግሉ ገንዘብ ነው። በሌላው አገር ግን ሰው ራሱን ከእናቱና ከአባቱ፣ ከወንድሞቹና ከጎረቤቶቹ ጋር እንደ ድርና ማግ ተሸምኖ ያየዋል፤ ከእነርሱ ተለይቶ «እኔ» ማለት ብዙ ትርጉም አይሰጠውም።

የዚህ ልዩነት ምልክት በአንጎል ውስጥም ታይቷል። በዚሁ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በቻይና አገር ያሉ ተመራማሪዎች የቻይናና የምዕራብ አገር ተማሪዎችን አንጎልን በሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፣ የጠባይ ስሞችን አንድ በአንድ እያሳዩ «ይህ ቃል ስለ አንተ እውነት ነውን? ስለ እናትህስ?» ብለው ጠየቋቸው። ከግንባር በስተኋላ በመካከል የሚገኝ አንድ የአንጎል ክፍል አለ፤ ሰው ስለ ራሱ በሚያስብበት ጊዜ ይነቃል። ይህ ክፍል በምዕራባውያኑ ዘንድ ስለ ራሳቸው ሲያስቡ የነቃውን ያህል ስለ እናታቸው ሲያስቡ አልነቃም። በቻይናውያኑ ዘንድ ግን እናት እንደ ራስ ተቈጥራ ያው ክፍል ነቃ። በእኛም አገር ሰው ብቻውን የሚኖርበትን ጎጆ እንኳ «እኛ ቤት» ብሎ እንደሚጠራው የሚያስተውል ሁሉ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ አዲስ ሐሳብ የሚወልደው አንጎል እንዴት ይሠራል? በ2018 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሮጀር ቢቲና ባልንጀሮቹ 163 ሰዎችን በመሣሪያ መርምረው ነበር። ሰዎቹ የታዘዙት ሁልጊዜ የምናያቸው ዕቃዎች ሌላ ምን ምን አገልግሎት ሊሰጡ እንደሚችሉ እንዲያስቡ ነው። ብዙና ያልተለመደ ሐሳብ ያመጡት ሰዎች፣ በሌላ ጊዜ በየፊናቸው የሚሠሩ ሦስት የአንጎል ማኅበሮች በአንድነት ተባብረው የሚሠሩላቸው ሆነው ተገኙ። አንደኛው ልብ ሲዋልልና ያለፈውን ሲያስታውስ የሚነቃ ነው። ሁለተኛው ሐሳብን የሚገታና በሥርዓት የሚመራ ነው። ሦስተኛው ከብዙው ነገር መካከል የሚረባውን ለይቶ የሚያነሣ ነው። መዋለል ብቻውን ሕልም ይሆናል፤ መግታትም ብቻውን ድርቀት ይሆናል።

ይህን ስናነብ ትዝ ያለን የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቈጥር ከጉባኤው ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ሜዳ ይወጣል። በዚያም ልቡን ያሰማራል፤ ያየውን ወፍ፣ የሰማውን ታሪክ፣ የደረሰበትን ረኃብ ሁሉ ከመጻሕፍት ቃል ጋር ያገናኛል። ነገር ግን ሐሳቡ እንደ ወደደ አይሄድም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና አንሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ልክ አለው፤ ሰሙ ከወርቁ ጋር መስማማት ይገባዋል፤ ግሡም መሳት የለበትም። ከዚያ በኋላ በየኔታ ፊት ቆሞ ያሰማል፤ የኔታም ያርማሉ። ከሁሉም በላይ የሌላውን ቅኔ ሰርቆ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። እንግዲህ «እኛ» የሚል ሕዝብ የአባቶቹን ይደግማል እንጂ አዲስ ነገር አያስብም የሚል ሰው ቢኖር ዋሸራን ወይም ዋድላን አላየም ማለት ነው። የአባቶችን ልክ ጠብቆ በዚያ ልክ ውስጥ ያልተባለውን ማለት፣ ይህ የእኛ የፈጠራ መንገድ ሆኖ ኖሯል።

ሥዕልና ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ ስንት ዓመት የደከመ ጸሐፊ በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚለምነው ለጻፈውም፣ ላስጻፈውም፣ ለሚያነበውም፣ ለሚሰማውም በአንድነት ምሕረት እንዲደረግ ነው። ከቀደሙት ሠዓሊዎቻችን የብዙዎቹ ስም አልደረሰንም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ መገኘቱ ከጥቂቶቹ አንዱ አድርጎታል። ስም አለመጻፍ ሐሳብ አለመኖር አይደለም፤ ሥራው የማኅበር ነው ብሎ ማመን ነው።

ነገር ግን ይህ መልካም ልማድ ከሌላ ክፉ ልማድ ጋር በተገናኘ ጊዜ የልጅን አእምሮ እንዴት እንደሚዘጋው በሰፈራችን አይተናል።

እኛ የምንኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። ሰፈራችን ከብዙ አገር የመጣ ሰው በአንድነት የሚኖርበት ነው፤ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጋሞው አጥር ለአጥር ተያይዞ በአንድ ዕድር ይቀባበራል። ከቤታችን በታች የሚኖረው ጎረቤታችን አባቱ ከጋሞ ደጋ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔ ነው። ሚስቱ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች፤ እርሱም እግሩን ከጉድጓዱ አውርዶ ከማለዳ እስከ ማታ መወርወሪያውን ሲወረውር ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከአባቱ ጎን ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት ይህ ልጅ ከአባቱም ከአያቱም ያልታየ አንድ ጥለት አወጣ። የወጨጫ ተራራ ጫፍ በማለዳ ከጉም በላይ ሲታይ እንዳለው ሁሉ፣ አረንጓዴው እየተሰበረ ይወጣና ከላይ በወርቅማ ክር ይከደናል። ከመርካቶ የመጣ ነጋዴ አይቶ ከዚያው ዓይነት ስድስት ነጠላ አዘዘ።

በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤቱ መምህሩ ለተማሪዎቹ ነጭ ወረቀት አድሎ «እያንዳንዳችሁ ከማንም ያልወሰዳችሁትን የራሳችሁን ብቻ የሆነ ነገር ፈጥራችሁ ሣሉ» ብሎ አዘዛቸው። ልጁ ወረቀቱን ባዶውን መለሰ፤ ከመቶ ያገኘውም ምንም ሆነ። ይህን ከእናቱ ሰምተን አስጠርተን ጠየቅነው።

«ስለ ምን ሳትሥል ቀረህ?»

«ጋሼ፣ የራሴ ብቻ የሆነ ነገር የለኝም። እኔ የአባቴን ነው የምሠራው።»

«የወጨጫውን ጥለት ያሰብኸው አንተ አይደለህምን?»

«እሱማ ሥራ ነው እንጂ ፈጠራ አይደለም» አለና አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶም የክፍሉ ልጆች «ሸማኔ» እያሉ እንደሚሰድቡት፣ ከዚያም የከፋ ስም እንደሚጨምሩበት፣ ከየትኛው ቤት እንደሚገባ እንዳያዩት በዙሪያ መንገድ እንደሚመለስ ነገረን።

በዚህ ልጅ ላይ ሁለት ነገር ተደርቦበታል። አንደኛው ጥያቄው ነው። ራሱን ከአባቱ ለይቶ የማያየውን ልጅ «ከማንም ያልሆነ» ብሎ መጠየቅ፣ ውኃውን ከምንጩ ለይተህ አምጣ እንደ ማለት ነው። ይህ መልካም ልማድ ነበረና ጥያቄው ቢስተካከል ይስተካከላል። ሁለተኛው ግን ስሙ ነው፤ ይህም ከባዱ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት «ጥበብ» የሚለው ቃል በቋንቋችን የሰሎሞን ማስተዋል ነው፤ የእጅ ሥራም ነው፤ በቀሚስና በነጠላ ጫፍ ላይ የሚሸመነው ኅብረ ቀለምም ነው። ሦስቱን በአንድ ስም የጠሩ አባቶቻችን ማሰብና መሥራት አንድ መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከዚያው ሥር «ጠቢብ» ወጣ፤ ይህ የክብር ስም ነው። ከዚያው ሥር ደግሞ «ጠይብ» ወጣ፤ ይህንም ብረት ለሚቀጠቅጠው ስድብ አደረግነው። ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን እንዲሁ በሥራቸው ነቀፍናቸው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የዚህን ጉዳት ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ ከልክለዋል። አገር የሚለማው በሠራተኛ እጅ መሆኑን፣ ሠራተኛውም በተሰደበ ጊዜ ሥራውን እንደሚተው ንጉሡ አስተውለው ነበር።

የዛሬ ሊቃውንት ደግሞ ስድብ እጅን ብቻ ሳይሆን አእምሮን እንዴት እንደሚያስር በምርመራ አሳይተዋል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ክላውድ ስቲልና ጆሹዋ አሮንሰን በአሜሪካ አገር ለተማሪዎች ከባድ ፈተና ሰጡ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች «ይህ ፈተና የአእምሮን ችሎታ የሚለካ ነው» በተባሉ ጊዜ፣ እንዲህ ሳይባሉ ከተፈተኑት ጓደኞቻቸው ያነሰ ውጤት አገኙ። ስለ ወገናቸው የሚወራው ክፉ ወሬ አብሯቸው ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በዚሁ አቈጣጠር ዴኒስ ዱማስና ኬቨን ደንባር የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ሞከሩ። ከተማሪዎች ከፊሎቹን «ራሳችሁን እንደ አንድ ከሥርዓቱ ፈቀቅ የማይል የመጻሕፍት ቤት ጠባቂ አስቡ»፣ ከፊሎቹን «ራሳችሁን እንደ አንድ ነፃ ባለ ቅኔ አስቡ» ብለው፣ ለዕቃዎች አዲስ አገልግሎት እንዲፈልጉ አዘዟቸው። ባለ ቅኔ ነኝ ብለው ያሰቡት ይበልጥ ያልተለመደ ሐሳብ አመጡ። ለጥቂት ጊዜ የተዋሱት ስም ይህን ያህል ካደረገ፣ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየቀኑ የሚሰማው ስም ምን ያህል አያደርግ?

የልጁን ነገር የሰማው አባት ግን በሌላ መንገድ ቈረጠ። አንድ እሑድ ቡና ተጠርተን ሄደን ሳለ፣ «ክረምቱ ሳይገባ ይህን ጉድጓድ እደፍነዋለሁ፤ ዕቃውንም እሸጠዋለሁ» አለን። የዘበኝነት ሥራ ማግኘቱን፣ ደመወዙም ከሽመናው እንደሚያንስ አልደበቀም። «እኔስ ለምጄዋለሁ፤ የልጄ ስም ግን ይበልጥብኛል» አለ። እኛም ስለ ምኒልክ አዋጅ ብናነሣበት ፈገግ ብሎ፣ «አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ከልጄ ክፍል ግን ገና አልደረሰም» ብሎ መለሰልን። ለዚህ ቃል የምንሰጠው መልስ አልነበረንም።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ስትፈትል የነበረችው ሚስቱ እንዝርቷን አቁማ፣ «ጉድጓዱ ቢደፈን ስሙ አብሮ ይደፈናል ወይ? ልጁ ነገ የዘበኛ ልጅ ቢባል ደግሞ ምን ትደፍናለህ?» አለችው። እርሱም ሲኒውን አስቀምጦ ብዙ ሳይናገር ቆየ።

በዚያው በሰፈራችን ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ሌላ ሥራ አለ። በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም በሚጠራው አካባቢ ያለው የአለርት ሆስፒታል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማስተማሪያ ነው። በዚያ በበሽታው ያለፉ ሴቶች ጥልፍ እየጠለፉ ሥራቸው በሱቅ ሲሸጥ ኖሯል። ከስድብ ስሞች ሁሉ የሥጋ ደዌ ሕሙም የተሸከመውን ያህል ከባድ ስም ማን ተሸክሟል? መድኃኒት በሽታውን ያድናል፤ ስሙን ግን አያድንም። የጥልፍ ሥራው ግን ለእነዚህ እናቶች «ሠራተኛ» የሚል ሌላ ስም ሰጣቸው፤ በአንድነት ተቀምጠው በመሥራታቸውም ያ ስም የአንዲቱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሆነ። ሐኪም ያልደረሰበትን ቍስል መርፌና ክር እንደ ደረሰበት ይሰማናል።

ወደ ጎረቤታችን ልጅ እንመለስ። እናቱ ከእኛ ጋር ተማክራ የወጨጫውን ነጠላ ይዛ ወደ መምህሩ ሄደች። መምህሩም አስተዋይ ሰው ኖሮ ጥለቱን አገላብጦ ካየ በኋላ ልጁን ጠርቶ፣ «ከአባትህ የተማርኸውን ውሰድ፤ አባትህ ያላደረገውን ጨምርበትና አሳየኝ» አለው። ጥያቄው እንዲህ ሲለወጥ ልጁ በአንድ ማታ አራት ወረቀት ሞላ። የአንጎሉ ሦስት ማኅበሮች ባለፈው ሳምንትም በራሱ ውስጥ ነበሩ፤ የጎደለው በሩን የሚከፍትለት ስም ነበር።

ይህ ሁሉን ፈጸመ ብለን አንዋሽም። በክፍሉ ስድቡ ጨርሶ አልቆመም። አባትየውም ጉድጓዱን አልደፈነውም፤ አልደፍነውም ብሎም አልማለም። «መስከረም ይጥባና እናያለን» ብሎናል። ልጁ ግን አሁን በቀጥታው መንገድ ይመለሳል፤ ይህን በዓይናችን አይተናል።

እንግዲህ በዚህ ገጽ ለወላጆች የምንመክረው ጥቂት ነው። ልጃችሁ አዲስ ነገር ሲሠራ «ከማን ተማርኸው? ምንስ ጨመርህበት?» ብላችሁ ሁለቱን ጥያቄ በአንድነት ጠይቁት። የመጀመሪያው ጥያቄ ከአባቶቹ ጋር ያስተሳስረዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የራሱን ድርሻ ያሳየዋል። ሁለተኛውን ብቻ ብትጠይቁት ሥር የሌለው ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ብቻ ብትጠይቁት ራሱን እንደ ጥላ ይቈጥራል። ልጅ ሲቀመጥና ሲተክዝ ባያችሁት ጊዜ ሁሉ «ሥራ ፈት» አትበሉት፤ የቅኔ ተማሪም በሜዳ ላይ ሲታይ ሥራ የፈታ ይመስላል። በቤታችሁም ሠራተኛ በሥራው ሲነቀፍ ልጆች አይስሙ፤ ከተሰዳቢው ልጅ በቀር የሚጎዳ የለም አትበሉ፤ ሥራን እያዋረደ ያደገ ልጅ ራሱም የሚሠራ እጅ አይኖረውምና።

በሹመትና በማዕረግ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ በየዓመቱ ለጥምቀትና ለፋሲካ በጥለት ያጌጠ ነጭ ልብስ ትለብሳላችሁ። በሚመጣው በዓል ልብሱን ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ጥለቱን ማን እንዳሰበው፣ ከማን እንደ ተማረው፣ ምን እንደ ጨመረበት ጠይቁ፤ በአጠገባችሁ የቆሙት ልጆቻችሁም መልሱን ይስሙ።